የመንጠቆ ክር እንደ ዘር ይፈተን

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

ጅጅጋ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ማስገሪያ ክር መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ፋፈንና ጀረር ዝናብ ሲጥል የሚሞሉ፣ ዝናቡ ሲያባራ አሸዋቸው የሚታይ ወንዞች ናቸው። ከቶጎጫሌ እስከ ቀብሪ በያህ፣ ከአውበሬ እስከ ባቢሌ ባሉት ከተሞችም ውሃ ሲባል የሚታሰበው ጉድጓድ፣ ቢርካና ኩሬ እንጂ ዓሣ አይደለም። ይሁን እንጂ ዓሣው በደቡብ ቢሆንም ገበያው በሰሜን ነው። በዋቢ ሸበሌ ዳር፣ በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል ለሚያሰግሩ ሰዎች የሚሆነው ክር ከአዲስ አበባ በሐረር መንገድ ቢመጣም፣ ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ በቶጎጫሌ ቢገባም፣ የክልሉ መሥሪያ ቤቶችና ትልልቆቹ ነጋዴዎች ያሉት በጅጅጋ ስለሆነ፣ ክሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ መነሣት ያለበት እዚሁ ነው። ወንዙ ዳር ከደረሰ በኋላ መመለሻ የለውም።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ክር እንደ ዘርና እንደ ማዳበሪያ የምርት ግብዓት ነው፤ ስለሆነም ሳይፈተን መጋዘን ሊገባ አይገባም። ዘር ለገበሬው ከማከፋፈላችን በፊት መቶ ፍሬ ቆጥረን፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አኑረን፣ ከመቶው ስንቱ እንደበቀለ እናያለን። ይህን ሥራ የማያውቅ የልማት ሠራተኛ የለም። ለክር ሲሆን ግን በጥቅሉ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብበን እንፈርማለን። ቁጥሩን የጻፈው ሻጩ ነው። እኔ በሙያዬ የሰብል ሰው ነኝ፤ የዓሣውን ጠባይ ከእኔ ይልቅ የወንዙ ዳር ሰዎች ያውቁታል። ግብዓት ሳይፈተን ሲገዛ የሚደርሰውን ጉዳት ግን የሰብል ሰው በሚገባ ያውቀዋል።

ክር ሲበጠስ የሚጠፋው ዓሣው ብቻ አይደለም። መንጠቆው፣ እርሳሱና የክሩ ግማሽ አብረው ይሄዳሉ፤ የዕለቱ ሥራም ያበቃል። ይህ በሳምንት ሦስት ጊዜ የደረሰበት ሰው «መንጠቆ አይረባም» ይልና ዓይኑ የጠበበ መረብ ፍለጋ ገበያ ይወጣል። ትልቁ ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መንጠቆ መራጭ መሣሪያ ነው። መንጠቆው ትልቅ ከሆነ ትንሹ ዓሣ አይውጠውም፤ ቢይዝም እንኳ በሕይወቱ ተላቆ ሊመለስ ይችላል። ዓይኑ የጠበበ መረብ ግን እንቁላል የተሸከመችውንም፣ ገና ያልደረሰውንም አይለይም።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም፤ በጣና ሐይቅ የታየ ነው። በጣና በ1970ዎቹ መጨረሻ በሞተር ጀልባና በመረብ ማስገር ከተጀመረ በኋላ፣ ሊራቡ ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጡት የላቤዮባርበስ ወገን ዓሦች በወንዞቹ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ ይጠመዱ ጀመር። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን በሐይቁ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ መሆናቸው ጉዳቱን ያከብደዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ ከነበሩት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለው ያለልክ ማስገር ነው። ከዚያም ወዲህ ርካሽ የሆነው የአንድ ዘለላ ናይለን መረብ ሐይቁን ሌላ ችግር ውስጥ ከትቶታል። ዋቢ ሸበሌ እንደ ጣና የተጠና ውሃ አይደለም። ጉዳቱ እስኪጠና ድረስ ግን የግድ መጠበቅ የለብንም።

እዚህ ላይ አንድ መደናገር አለ። አንዳንድ ባልደረቦች «የአንድ ዘለላ ናይለን» የሚለውን ቃል ሲሰሙ መረቡንና የመንጠቆውን ክር አንድ አድርገው በመቁጠር ሁለቱንም ይነቅፋሉ። የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። በአንዱ ክር ጫፍ አንድ መንጠቆ አስሮ የሚያሰግር ሰው ወንዝ አያራቁትም። እንዲያውም ጥሩ የመንጠቆ ክር በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ፣ ሰውን ከጠባቡ መረብ ለማራቅ ካሉን መንገዶች ቀላሉ ይመስለኛል።

የትኛው ክር ይገዛ?

ዛሬ በገበያ የሚታዩት ክሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የአንድ ዘለላ ናይለን ነው። ናይለን በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ የካሮዘርስ ቡድን የፈለሰፈው ሲሆን፣ ከሐርና ከጥጥ የተፈተለውን ክር ከዓሣ አስጋሪው እጅ ያስወጣው እርሱ ነው። ሁለተኛው ከረቂቅ የፖሊኤትሊን ጭረቶች የተጎነጎነው ክር ነው፤ ለውፍረቱ እጅግ ብርቱ ነው፣ አይለጠጥም። ሦስተኛው ፍሎሮካርቦን የሚባለው ሲሆን፣ ከናይለን ይልቅ ከብዶ የሚሰጥም፣ በጠራ ውሃ ውስጥ ለዓሣው ዓይን የማይጎላ ክር ነው።

ነጋዴው ዘወትር የሚያሞግሰው ውዱን፣ ማለትም ሦስተኛውን ነው። እኔ ለዋቢ ሸበሌ ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። የወንዙ ውሃ ከባሌና ከሐረርጌ ተራሮች አፈር ተሸክሞ የሚወርድ ደፍራሳ ነው፤ ጎርፍ በሆነ ጊዜ እጅ ሲነከርበት ጣት አይታይም። ክሩ ታየ አልታየ የሚለው ጭንቀት በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ትርጉም የለውም። አምባዛም ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በማሽተቱና በአፉ ዙሪያ ባሉት ሪዞቹ ነው። የተጎነጎነው ክርም ብርታቱ የሚካድ ባይሆንም፣ በእጅ ለሚስብ ሰው ቀጭንነቱ መዳፍ ይቆርጣል፤ በድንጋይና በአሸዋ ላይ ሲታሽ ቶሎ ይላጋል፤ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ናይለን ግን ስለሚለጠጥ ዓሣው ድንገት ሲወራጭ ጉልበቱን ያበርድለታል። ዋጋውም ይቀላል። ስለዚህ ለእኛ ሰው ደኅና ናይለን ይበቃዋል።

የክሩ ውፍረት እንደ ዓሣው ይሆናል። ለትንንሽ ዓሣ ከ0.25 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም ለሚችለው አምባዛ ግን ከ0.60 እስከ 0.80 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ወፍራሙ ክር ለመዳፍም ይመቻል። ደኅና ናይለን በደረቁ 0.30 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከ6 እስከ 7 ኪሎ፣ 0.50 ሲሆን 17 ኪሎ ገደማ፣ 0.80 ሲሆን 40 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ከዚህ እንደሚታየው ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ብርታቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ። ሒሳቡን የያዘ ሠራተኛ «0.30 ነው፣ 15 ኪሎ ይችላል» የሚል ጽሑፍ ሲያይ ሐሰት መሆኑን ሳይፈትን ያውቃል። ጽሑፉ በፓውንድ ከሆነም ልብ ይባል፤ አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ነው። 40 ፓውንድ የሚለውን 40 ኪሎ ብሎ ያነበበ ገዥ የገዛው የ18 ኪሎ ክር ነው።

በአንድ ዋና ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆ አንጠልጥለው ለሚያድሩ ማኅበራት አንድ ነገር ልጨምር። መንጠቆውን የሚይዘው ቅርንጫፍ ክር ከዋናው ገመድ የደከመ ይሁን። ጎርፍ ያመጣው ግንድ ወይም አዞ ሲይዘው የሚበጠሰው ቅርንጫፉ ብቻ ይሆናል፤ ገመዱ ከነቀሩት መንጠቆዎች ይተርፋል። አምባዛ ሲያዝ እየተሽከረከረ ክሩን ስለሚያከረው፣ በቅርንጫፉ ላይ ተሽከርካሪ ቀለበት ቢገባበት ክሩ ይድናል።

በጀሪካን መፈተን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለዚህ ፈተና ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በየቤቱ ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የአንድ ሊትር መስፈሪያና ጠንካራ የእንጨት አግዳሚ ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ባዶው ጀሪካንም አንድ ኪሎ ገደማ ነው።

በመጀመሪያ ውፍረቱ ይለካ። ክሩን በእርሳስ ብዕር ላይ ሳይደራረብ፣ እርስ በርሱ አስጠግቶ 20 ጊዜ መጠምጠምና የጠመጠመውን ስፋት በማስመሪያ መለካት ነው። 0.50 የተባለው ክር በ20 ጥምጥም 10 ሚሊ ሜትር ሊሸፍን ይገባዋል። 12 ከሸፈነ ክሩ 0.60 ነው ማለት ነው። ይህ በገበያ የተለመደ ብልሃት ነው፤ ወፍራሙን ክር ቀጭን ብለው ይጽፉና ብርታቱን ያስደንቁበታል።

ቀጥሎ ከተለያዩ ሦስት ጥቅሎች አንድ አንድ ሜትር ተቆርጦ በውሃ ውስጥ ይደር። ናይለን ውሃ ይመጥጣል፤ ሲርስም ከብርታቱ ከመቶ 10 እስከ 15 ያህል ያጣል። ዓሣ የሚያዘው በደረቅ ክር አይደለምና ፈተናውም በእርጥቡ ይሁን። ከዚያ አንዱን ጫፍ በአግዳሚው፣ ሌላውን በጀሪካኑ እጀታ ላይ፣ መንጠቆ በሚታሰርበት ቋጠሮ ማሰር ነው። ጀሪካኑ ከመሬት ከአንድ ስንዝር በላይ አይራቅ፤ እግር ከሥሩ አይግባ። ክሩ ሲበጠስ እንደ አለንጋ ስለሚመለስ ፊትን ዞር ማድረግ ይገባል። ከዚያ ውሃውን ሊትር በሊትር፣ በቀስታ፣ በየመካከሉ ጥቂት እየጠበቁ መጨመር ነው።

እርጥበቱና ቋጠሮው የሚቀንሱት ሲታሰብ፣ ደኅና ክር በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው ሦስት አራተኛውን ሊሸከም ይገባል። 17 ኪሎ የተባለው ክር፣ ጀሪካኑን ጨምሮ፣ 12 ወይም 13 ኪሎ ላይ ቢበጠስ ነቀፋ የለበትም። ከ10 ኪሎ በታች ከተበጠሰ ግን ሁለተኛ ይሞከር፤ ደግሞ ከተበጠሰ ካርቶኑ ለሻጩ ይመለስ። ለወፍራሙ ክር ሁለት ጀሪካን አጣምሮ ማንጠልጠል ይቻላል። ሦስቱ ጥቅሎች እጅግ የተራራቀ ውጤት ካሳዩ፣ አንዱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ዕቃው አንድ ዓይነት አይደለምና አልቀበለውም።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ጥቅል ክር ነው ወይ የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። ለአንድ ጥቅል አይደለም። ማኅበር የሚገዛው በካርቶን ነው፤ ፈተናውም ከአንድ ሌሊትና ከግማሽ ቀን አያልፍም። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል የሚለው የግዥ ልማድ ነው። «ናይለን ክር፣ 50 ጥቅል» ተብሎ ብቻ ጨረታ ከወጣ፣ የሚያሸንፈው ምን ጊዜም ከሁሉ የደከመውን ያመጣ ነው፤ ነጋዴውም ሊወቀስ አይችልም፣ የተጠየቀውን አቅርቧልና። ጥፋቱ በጥያቄው ላይ ነው። ውፍረቱ፣ እርሶና ተቋጥሮ ሊሸከም የሚገባው ኪሎ፣ ጥቅሉ የታሸገና ፀሐይ ያልነካው መሆኑ፣ ናሙናውም በገዥው ፊት የሚፈተን መሆኑ በጨረታው ሰነድ ይጻፍ። ይህ ሲሆን ርካሹን መግዛት ትክክል ይሆናል፤ የሚወዳደሩት አንድ ዓይነት ዕቃዎች ናቸውና።

አያያዝ

ጥሩ ክር ገዝቶ ማበላሸት ቀላል ነው። የናይለን ዋና ጠላት ፀሐይ ነው። ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአልትራቫዮሌቱ ጨረር ብርቱ ነው፤ በሱቅ በር ላይ ለማስታወቂያ ተሰቅለው የሚሰነብቱት ጥቅሎች ላይኛው ድርባቸው ሲደርቅና ሲሻክር በእጅ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን በቅናሽም ቢሆን አትግዙ። በመጋዘን ውስጥ ክሩ በካርቶኑ እንዳለ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ርቆ፣ በጨለማና በቀዝቃዛው ማዕዘን ይቀመጥ። የመኪና ባትሪ አሲድና በረኪና ናይለንን ስለሚበሉት ከእነርሱ ጋር በአንድ መደርደሪያ አይኑር። አይጥም አይርሱ። በየካርቶኑ ላይ የተገዛበት ወርና ዓመት ይጻፍ፤ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

በአስጋሪው እጅ ከገባ በኋላ ደግሞ፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ ክሩን በንጹሕ ውሃ ከጭቃው አጥቦ በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል። በቀጭን እንጨት ላይ የተጠመጠመ ናይለን ጥምጥሙን ይለምድና ሲዘረጋ እንደ ሽቦ ይጥመለመላል፤ ስለዚህ ወፈር ባለ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ይጠምጠም። በየቀኑ ወደ መንጠቆው የሚጠጋውን ሁለት ሜትር ያህል በጥፍር መካከል ወይም በጥጥ ላይ አሳልፎ መዳሰስ ይገባል። ጥጡ የተያዘበት ቦታ ክሩ የተላጠበት ነው። አምባዛ በመንጋጋው ላይ ያሉት ደቃቅ ጥርሶች እንደ ሞረድ ናቸውና ይህ ክፍል ቶሎ ይጎዳል። የተጎዳውን ቆርጦ እንደገና ማሰር ነው፤ ጠቅላላው ጥቅል ከሚጠፋ አንድ ክንድ ይጥፋ።

ቋጠሮን በሚመለከት፣ አብዛኛው ሰው የሚያስረው ተራ ቋጠሮ የክሩን ብርታት እስከ ግማሽ ይቀንሰዋል። የተሻለው ይህ ነው፦ ጫፉን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፎ፣ በራሱ ክር ላይ ቢያንስ አምስት ጊዜ ጠምጥሞ፣ በቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረው ዓይን መልሶ ማስገባት፤ ከዚያም በፈጠረው ትልቁ ዓይን አሳልፎ መሳብ። ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ደረቁ ክር ሲፋተግ ይሞቃል፣ የሞቀው ናይለን ይደክማል። ይህን በጽሑፍ ከማስረዳት በጣት ማሳየት ይቀላል። የልማት ሠራተኛው የጫማ ማሰሪያና ቀለበት ይዞ በሶማሊኛ እየተናገረ ቢያሳይ፣ ከዚህ ወረቀት የበለጠ ያስተምራል።

ስለ ተጣለ ክር ዝም ማለት አይቻልም። ይህ የአርብቶ አደር አገር ነው፤ ዓሣ የሚሰገርበት ዳርቻ ከብት የሚጠጣበት ዳርቻም ነው። ናይለን በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን አይበሰብስም። በሣር መካከል የቀረ ክር በፍየል እግር ላይ ይጠመጠምና እስከ አጥንት ይቆርጣል፤ የወፎችንም እግር እንዲሁ። ግመል ከግጦሽ ጋር የዋጠው እንደሆነ ከሆዱ አይወጣም። በጅጅጋ ሜዳ የተበተነው የፕላስቲክ ከረጢት በእንስሳት ላይ ያደረሰውን የሚያውቅ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም። አስጋሪውና እረኛው በአንድ ውሃ ላይ ያሉ ጎረቤቶች ናቸውና፣ በአንድ ፍየል ምክንያት የሚነሣው ጠብ ከዓሣው ዋጋ ይበልጣል። ማኅበሩ አሮጌ ክር ይዞ ለመጣ አባል በአዲሱ ላይ ጥቂት ቅናሽ ቢያደርግ መልካም ነው። የተሰበሰበው በአጭር በአጭሩ ተቆራርጦ ጠርሙስ ውስጥ ይከተትና ይከደን፤ እሳት ላይ አይጣል፣ ጭሱ ለሰው መጥፎ ነው።

በመጨረሻም ስለ ጭነት። ከጅጅጋ በደጋሃቡርና በቀብሪ ደሃር በኩል ወደ ጎዴ የሚወርደው መንገድ ረጅም ነው፤ ሙቀቱም ወደ ቆላው በወረዱ ቁጥር ይጨምራል። የተፈተነው ክር በጆንያ ተጠቅልሎ ከእህሉ ጆንያዎች መካከል ይጫን እንጂ ቀላል ዕቃ ነው ተብሎ ከጭነቱ አናት ላይ አይታሰር። የሚረከበው ማኅበርም የላይኛውን ካርቶን ከፍቶ፣ አንድ ሜትር ቆርጦ፣ በዚያው በጀሪካኑ አንድ ጊዜ ይሞክር፤ ውጤቱንም በመረከቢያው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፎ ወደ ጅጅጋ ይመልስ።